401ኬ፣ 403ቢ፣ ቲኤስፒ ወይስ ሮዝ አይአርኤ፦ አሜሪካ ተቀጥሮ ለሚሰራ ሰው የቱ ይሻላል?

ፔይስተባችሁን እስቲ አውጧት። ከፌደራል ታክስ፣ ከሶሻል ሴኩሪቲና ከሜዲኬር ወረድ ብሎ «401ኬ» ወይ «403ቢ» የምትል፣ ለጡረታ ከደሞዛችሁ የሚቆረጠውን የምታሳይ መስመር ካለች ከጎኗ ያለው ቁጥር የደሞዛችሁ ስንት ፐርሰንት እንደሆነ አስሉት። የማውቃቸውን ሰዎች ስጠይቅ ብዙ ጊዜ የሚመጣው 3 ፐርሰንት ነው። ለምን 3? ማንም ቁጭ ብሎ አስቦ መርጦት አይደለም፣ ኩባንያው ሲቀጥራቸው በራሱ ጊዜ አስገብቷቸው ነው፣ አውቶማቲክ ኢንሮልመንት የሚሉት እሱ ነው፣ ከዛ በኋላ ሰውየው «እኔማ 401ኬ አለኝ» ብሎ አርፎ ይቀመጣል፣ ኩባንያው ግን እስከ 6 ፐርሰንት ብታዋጡ አግዛችኋለሁ ብሎ በወረቀቱ ላይ ጽፎ ሊሆን ይችላል። ያን ጊዜ ሊሰጥ ከተዘጋጀው ገንዘብ ግማሹን በየሁለት ሳምንቱ «ተወው፣ አልፈልግም» እያላችሁት ነው ማለት ነው።

ይሄን የምጽፈው ሰው ሁሉ ቡና ላይ ሲያገኘኝ መጀመሪያ የሚጠይቀኝ «ሮዝ ይሻላል ወይስ ትራዲሽናል?» ስለሆነ ነው፣ ታክሱ ዛሬ የሚከፈልበት ወይስ ጡረታ ላይ የሚከፈልበት ማለታቸው ነው። ጥሩ ጥያቄ ነው ግን ሶስተኛ ላይ የሚመጣ ጥያቄ ነው። ከሱ በፊት ማቹ አለ፣ ኩባንያው የሚጨምርላችሁ ማለት ነው፣ ቬስቲንጉ አለ፣ የጨመረው መቼ የናንተ ይሆናል የሚለው፣ ከሁሉም በላይ ደሞ ስራ ስትቀይሩ ገንዘቡን ምን ታደርጉታላችሁ የሚለው አለ፣ እኔ የተቃጠልኩት እዛ ላይ ነው፣ እመጣበታለሁ።

ማቹ ስንት ነው?

በቁጥር እንየው። በአመት 45,000 ዶላር የሚያገኝ ሰው እንበል፣ ኩባንያው ደሞ «እስከ 6 ፐርሰንት ለምታዋጣው ግማሹን እጨምርልሃለሁ» የሚል እንበል፣ በጣም የተለመደ ነው ይሄ። 6 ፐርሰንት ማለት በአመት 2,700 ነው፣ ኩባንያው 1,350 ይጨምራል። በየሁለት ሳምንቱ ስናደርገው እናንተ 104 ገደማ፣ እነሱ 52 ገደማ። በ3 ፐርሰንት የቆመው ሰው ግን 675 ብቻ ነው የሚጨመርለት፣ ሌላው 675 ቀረ፣ ማንም ደውሎ «ረስተኸዋል» አይለውም።

እና 104 ዶላሩ ትራዲሽናል ላይ ከገባ ከኪሳችሁ የሚጎድለው 104 አይደለም። በዚህ ደሞዝ ላጤ የሆነ ሰው የመጨረሻዋ ዶላሩ ላይ የሚከፍለው ፌደራል ታክስ 12 ፐርሰንት ነው፣ ቨርጂኒያ ከሆነ ደሞ ሌላ 5.75 አለ፣ እነዚህ ስለማይቆረጡ ቼኩ ላይ የሚጎድለው 85 ገደማ ነው። ሶሻል ሴኩሪቲና ሜዲኬር ግን እንደተለመደው ይቆረጣሉ፣ ከነሱ የሚያመልጥ የለም። እንግዲህ 85 ጎድሎባችሁ 156 ተቀመጠላችሁ። ከዚህ የተሻለ እቁብ የሚያውቅ ካለ ይንገረኝ።

አንዳንዱ ኩባንያ የመጀመሪያዎቹን 3 ፐርሰንት አንድ ለአንድ፣ ቀጣዮቹን 2 ደሞ በግማሽ ያደርጋል፣ ያኔ 5 ብታዋጡ 4 ይጨምራል። አንዳንዱ ምንም አይጨምርም። ስለዚህ ኤችአር ጋ ሄዳችሁ የምትጠይቁት ጥያቄ «401ኬ አላችሁ ወይ» ሳይሆን «ማቹን ሙሉውን ለማግኘት ስንት ፐርሰንት ላዋጣ?» ነው። ሁለት ስራ ቀርቦላችሁ እያወዳደራችሁ ከሆነ ማቹን እንደ ደሞዝ ደምሩት።

ቬስቲንግ፣ ማንም ጮክ ብሎ የማይነግራችሁ ነገር

ከደሞዛችሁ የሚቆረጠው ከመጀመሪያዋ ቀን ጀምሮ የናንተ ነው። ኩባንያው የሚጨምረው ግን አካውንታችሁ ላይ ቢታይም ገና የናንተ ላይሆን ይችላል። ሕጉ ለማች ሁለት አካሄድ ይፈቅዳል። አንደኛው 3 አመት እስኪሞላ ዜሮ፣ 3 ሲሞላ መቶ በመቶ የሚሆነው ነው። ሁለተኛው በ2 አመት 20 ፐርሰንት ብሎ ይጀምርና በየአመቱ 20 እየጨመረ በ6 አመት የሚሞላው። ኩባንያው ከዚህ ሊያፈጥነው ይችላል እንጂ ሊያዘገየው አይችልም፣ ወዲያው ሙሉውን የሚሰጡም አሉ።

በ2019 አንድ ሆቴል ውስጥ እሰራ ነበር፣ ስሙ ይቅር። 2 አመት ከ9 ወር ሰርቼ በሰአት አንድ ዶላር የሚበልጥ ቦታ ሲገኝ ደስ ብሎኝ ለቀቅኩ፣ ጓደኞቼ ሁሉ እንኳን ደስ አለህ አሉኝ። ከለቀቅኩ በኋላ ዌብሳይቱ ላይ ስገባ ሁለት ቁጥር አለ። ላይ በትልቁ «ቶታል ባላንስ» 11,700 ምናምን ይላል፣ ከስሩ ደሞ በትንንሽ ፊደል «ቬስትድ ባላንስ» 8,000። እኔ እስከዛን ቀን ድረስ የትንሿን ቁጥር ትርጉም ጠይቄም አላውቅም። 3,700ው ወደ ኩባንያው ተመለሰ። 3 ወር ብታገስ ኖሮ ሙሉው የኔ ነበር፣ በ3 ወር ውስጥ በሰአት አንድ ዶላሯ የምታስገኝልኝ ደሞ 520 ዶላር ነበረች። ስራ ከመልቀቃችሁ በፊት የቬስቲንግ ቀናችሁን እዩ፣ ቀረብ ያለ ከሆነ አዲሱን አሰሪ የመጀመሪያ ቀኔን ትንሽ ግፉልኝ ብሎ መለመን ነውር የለውም።

የትኛው ስም የትኛው ነው

ይሄን ቶሎ ቶሎ ልበልበት ምክንያቱም ብዙውን ጊዜ ምርጫው የናንተ አይደለም፣ አሰሪው ያለው ፕላን ነው ያለው። ግን ስራ ለመምረጥ ይጠቅማል።

401ኬ የግል ኩባንያ ነው። 403ቢ የሕዝብ ትምህርት ቤት፣ ዩኒቨርሲቲ፣ ለትርፍ ያልተቋቋመ ሆስፒታል ላይ ነው ያለው፣ ነርሶችና ነርሲንግ አሲስታንቶች ብዙዎቻችሁ እዚህ ውስጥ ናችሁ። አሰራሩ ከ401ኬ ጋር አንድ ነው ማለት ይቻላል፣ በ2026 ከደሞዛችሁ ማዋጣት የምትችሉት ጣሪያውም አንድ ነው፣ 24,500 ዶላር፣ 50 አመት ለሞላው 8,000 ተጨምሮበት። 403ቢ ላይ የሚያስጠነቅቀው አንዳንዱ ትምህርት ቤት ውስጥ ኢንሹራንስ ሻጮች አኑዩቲ የሚባል የኢንሹራንስ ውል ይዘው መምህራን ክፍል ድረስ ስለሚመጡ ነው፣ ክፍያው ከባድ ነው፣ ከመፈረማችሁ በፊት በአመት ስንት ፐርሰንት ትወስዳላችሁ ብላችሁ በጽሁፍ አስመልሱ።

457ቢ የስቴትና የከተማ ወይም የካውንቲ መስሪያ ቤት ሰራተኛ ያገኘዋል። የመንግስቱን ነው የምለው። ትልቁ ጥቅሙ ስራውን ስትለቁ እድሜያችሁ ስንትም ቢሆን 10 ፐርሰንት ቅጣት የለውም፣ ታክሱን ብቻ ከፍላችሁ ማውጣት ትችላላችሁ። 55 ሳልሞላ አገሬ ገብቼ ልኖር ነው ለሚል ሰው ይሄ ቀላል ነገር አይደለም። አሰሪው ሁለቱንም ካለው ደሞ የ457ቢ ጣሪያ ለብቻው ስለሚቆጠር 403ቢውንም እሱንም መሙላት ይቻላል፣ ገንዘቡ ያለው ሰው።

ቲኤስፒ የፌደራል መንግስት ሰራተኛ ነው፣ ፖስታ ቤት በቋሚነት የምትሰሩ ይሄ የናንተ ነው። እኔ ካየኋቸው ሁሉ የምቀናበት እሱ ላይ ነው። ምንም ባታዋጡ 1 ፐርሰንት ያስገቡላችኋል፣ 5 ካዋጣችሁ ጠቅላላ 5 ይጨምራሉ፣ ክፍያው በጣም ዝቅተኛ ነው፣ ማቹም ወዲያው የናንተ ነው፣ 3 አመት የሚያስጠብቀው ያቺ አውቶማቲኳ 1 ፐርሰንት ብቻ ናት ለአብዛኛው ሰራተኛ። ፖስታ ቤት ቋሚ ሆኖ እየሰራ 5 የማያዋጣ ሰው ካጋጠማችሁ ተቆጡት።

አይአርኤ ማለት በግል ስማችሁ የሚከፈት የጡረታ አካውንት ነው፣ ሲምፕል አይአርኤ የሚባለው ደሞ ትንንሽ ቢዝነሶች ጋ ያለ ነው። ማቹ ወዲያው የናንተ ይሆናል፣ ጥሩ ነው፣ ግን ከገባችሁ 2 አመት ሳይሞላ ካወጣችሁ ቅጣቱ 10 ሳይሆን 25 ፐርሰንት ነው። ሬስቶራንት ወይም ሱቅ ውስጥ ሰርታችሁ አሰሪው ምንም ከሌለው ደሞ ስቴቱ ያቋቋመው አለ፣ ሜሪላንድ ሜሪላንድሴቭስ፣ ቨርጂኒያ ሪታየርፓዝ፣ ካሊፎርኒያ ካልሴቨርስ። እነዚህ ሮዝ አይአርኤ ናቸው፣ አሰሪው አንድ ሳንቲም አይጨምርም፣ ስለዚህ ማች ካለው 401ኬ ጋር አይወዳደሩም፣ ከባዶ ግን በጣም ይሻላሉ። ኡበርና ሊፍት የምትነዱ ተቀጣሪ ስላልሆናችሁ ሴፕ አይአርኤ ወይ ሶሎ 401ኬ ነው የናንተ መንገድ፣ እሱ ሌላ ወሬ ነው፣ ታክስ የሚሰራላችሁን ሰው ጠይቁት።

ሮዝ ወይስ ትራዲሽናል

መጀመሪያ ሮዝ ሲባል ከለሩ አይደለም፣ አንድ አክስቴ ፎርሙ ሮዝ ወረቀት ላይ የሚሞላ መስሏት ስትፈልግ ነበር። ዊልያም ሮዝ የሚባሉ የዴላዌር ሴናተር ነበሩ፣ አይአርኤው በ1997 በሕግ ሲወጣ በሳቸው ስም ተጠራ፣ 401ኬ ውስጥ የገባው ደሞ በ2006 ነው።

ልዩነቱ ታክሱን መቼ ልክፈል የሚለው ብቻ ነው። ትራዲሽናል ዛሬ አትከፍሉም፣ ጡረታ ወጥታችሁ ስታወጡት ትከፍላላችሁ። ሮዝ ዛሬ ትከፍላላችሁ፣ 59 አመት ተኩል ሞልቷችሁ አካውንቱም 5 አመት ካለፈው የወለደውን ትርፍ ጨምሮ ያለ ታክስ ታወጡታላችሁ። ስለዚህ ጥያቄው ዛሬ ነው ታክሴ የሚከብደው ወይስ ያኔ ነው። ገና የጀመረ፣ ደሞዙ 12 ፐርሰንት ውስጥ ያለ፣ ነርሲንግ ወይ አይቲ እየተማረ ነገ ደሞዙ እጥፍ የሚሆን ልጅ ሮዝ ይግባ። ባልና ሚስት ሁለቱም ደህና እያገኙ ከሆነ ደሞ ትራዲሽናሉ ወደ ማመዘኑ ነው።

ስቴቱን ግን አትርሱ፣ ይሄን የሚያነሳ ሰው አይቼ አላውቅም። ቴክሳስ፣ ዋሽንግተን ስቴትና ኔቫዳ ደሞዝ ላይ የስቴት ታክስ የለም። ዳላስ፣ ሲያትል ወይ ላስቬጋስ ያላችሁ ትራዲሽናል ስታስገቡ የምታተርፉት የስቴት ታክስ የላችሁም፣ ስለዚህ ሮዝ ትንሽ ይጠነክርላችኋል። ካሊፎርኒያ ወይም ሜሪላንድ እየሰራ «ጡረታ ስወጣ ቬጋስ ነው የምገባው» የሚል ሰው ግን ተቃራኒው ነው፣ ዛሬ ትራዲሽናል አስገብቶ የሜሪላንዱን ታክስ ያመልጣል፣ ቬጋስ ሆኖ ሲያወጣ ስቴቱ የሚጠይቀው የለም።

ሌላ ደሞ ሴቨርስ ክሬዲት የሚባል አለ፣ ገቢው ዝቅ ያለ ሰው ለጡረታ በማስቀመጡ ብቻ ታክሱ ላይ የሚቀነስለት። በ2026 ለላጤ የገቢው ጣሪያ 40,250 ነው፣ ታክስ አብረው ለሚያስገቡ ባልና ሚስት 80,500። አሁን 42,000 የሚያገኝ ላጤ 6 ፐርሰንት ማለትም 2,520 ትራዲሽናል ካስገባ ገቢው 39,480 ሆነ፣ ከጣሪያው ስር ገባ፣ 200 ዶላር ከታክሱ ላይ ተቀነሰለት። ያንኑ ሮዝ ቢያስገባ ገቢው 42,000 ሆኖ ይቀራል፣ ምንም አያገኝም። ለ12 ፐርሰንት ሰው ሁሉ ሮዝ ነው የሚሉ ዩቲዩበሮች ይሄን አይነግሯችሁም። የሙሉ ጊዜ ተማሪ ከሆናችሁ ግን ክሬዲቱ አይመለከታችሁም። ከ2027 ጀምሮ ደሞ ክሬዲቱ ቀርቶ መንግስት ራሱ አካውንታችሁ ውስጥ ገንዘብ የሚጨምርበት እንዲሆን ሕጉ ወጥቷል።

የኔን ቅደም ተከተል ከጠየቃችሁኝ፦ ማቹ እስኪሞላ ድረስ መስሪያ ቤት፣ ከዛ የሚተርፍ ካለ ውጪ በራሳችሁ የምትከፍቱት ሮዝ አይአርኤ፣ የ2026 ጣሪያው 7,500 ነው፣ ከሱም ካለፈ ተመልሶ ወደ መስሪያ ቤቱ። ሮዝ አይአርኤን መሃል ላይ ያስገባሁት እናንተ ያዋጣችሁትን ዋናውን ገንዘብ በፈለጋችሁ ሰአት ያለ ታክስም ያለ ቅጣትም ማውጣት ስለምትችሉ ነው፣ ትርፉን አይደለም ዋናውን። እኛ ደሞ ድንገት ከአገር ቤት ስልክ የሚደወልብን ሰዎች ነን።

ስራ ስትቀይሩ፦ አራት መንገድ አለ፣ አንዱ ገደል ነው

ገንዘቡን እዛው መተው፣ ወደ አዲሱ አሰሪ 401ኬ ማዛወር፣ ወደ አይአርኤ ሮልኦቨር ማድረግ ማለትም ማዛወር፣ ወይም በቼክ መቀበል። እኔ አራተኛውን አደረግኩት።

8,000ው ላይ ነው የቀረነው። መኪናዬ ትራንስሚሽኗ ሄዶ ነበር፣ ደወልኩ፣ «ካሽ አውት ላድርገው» አልኩ። ልጅቷ በጣም ትሁት ናት፣ ሁለት ጊዜ እርግጠኛ ነህ ወይ አለችኝ፣ አዎ አልኩ። በ10 ቀን ውስጥ ፖስታ መጣ፣ ስከፍተው 6,400 ነው። በሕግ 20 ፐርሰንት ለፌደራል ታክስ መያዝ ግዴታቸው ነው። እኔ ታክሱ በዚህ ያለቀ መስሎኝ ገንዘቡን ጨረስኩት። በሚያዝያ ታክስ ሊሰራልኝ የተቀመጠው ሰውዬ ስክሪኑን ወደኔ አዞረው፣ ፌደራል 12 ፐርሰንት 960፣ ያለ እድሜ ለማውጣት ቅጣት 10 ፐርሰንት 800፣ ቨርጂኒያ 460። ድምሩ 2,220። ከ8,000 እጄ የቀረው 5,780። ያው 8,000 ተቀምጦ በአመት 7 ፐርሰንት ቢያድግ በ25 አመት 43,000 ያልፍ ነበር። መኪናዋ እንኳን አሁን የለችም።

ትክክለኛው «ዳይሬክት ሮልኦቨር» ነው፣ ይቺን ቃል ስልክ ላይ በግልጽ ተናገሯት። ገንዘቡ ከተቋም ወደ ተቋም ይሄዳል፣ ቼኩ በናንተ ስም አይጻፍም፣ ታክስም አይያዝበትም። በስማችሁ ከተጻፈ ግን 60 ቀን ብቻ ነው ያላችሁ፣ የተያዘባችሁን 20 ፐርሰንትም ከኪሳችሁ ሞልታችሁ ነው ማስገባት ያለባችሁ፣ ያለዚያ ያልሞላችሁት እንደወጣ ይቆጠራል። አዲሱ አሰሪ ጥሩ ፈንድ ካለው፣ ገንዘባችሁ ኢንቨስት የሚሆንበት ማለት ነው፣ ወደሱ ማዛወር፣ ከሌለው አይአርኤ፣ በቃ። እዛው መተው ክፋት የለውም፣ ነገር ግን 7,000 እና ከዛ በታች ከሆነ ኩባንያው ሳይጠይቃችሁ ሊያስወጣችሁ ይችላል፣ ከ1,000 በላይ ያለውን እሱ የመረጠው አይአርኤ ውስጥ ያስገባዋል፣ ከዛ በታቹን ቼክ ቆርጦ ይልካል፣ አድራሻ ቀይራችሁ ከነበረ ቼኩ የት እንደገባ እንጃ።

አይአርኤ ውስጥ ሲገባ ደሞ ገንዘቡ ካሽ ሆኖ ነው የሚቀመጠው፣ ፈንድ ካልገዛችሁበት አያድግም። አምስት አመት ካሽ ሆኖ የተቀመጠ አካውንት በአይኔ አይቻለሁ።

ፈንዱ ላይ ደግሞ ብዙ አልልም። የማታውቁ ከሆነ ጡረታ የምትወጡበት አመት አካባቢ የተጻፈበት ታርጌት ዴት ፈንድ፣ ለምሳሌ 2055፣ ይበቃል። የምታዩት ኤክስፔንስ ሬሾ የምትለዋን፣ ፈንዱ በየአመቱ የሚወስደውን ክፍያ ነው። 10,000 ዶላር በ7 ፐርሰንት 30 አመት ሲቀመጥ 76,000 ገደማ ይሆናል፣ ክፍያው 1 ፐርሰንቱን ከበላው ግን 57,000። አንዷ ፐርሰንት ናት ይሄን ሁሉ የወሰደችው። ወለድ ያለበት ነገር ውስጥ መግባት የማትፈልጉ ሙስሊሞች ፕላናችሁ ብሮከሬጅ ዊንዶው፣ ማለትም ከፕላኑ ዝርዝር ውጪ መግዛት የሚያስችል አካውንት፣ አለው ወይ ብላችሁ ጠይቁ፣ ካለው ሸሪዓን የሚከተሉ ፈንዶችን በራሳችሁ መግዛት ትችላላችሁ፣ ማቹም አይቀርባችሁም።

እቁቡስ?

«እኔ እቁብ አለኝ ምን ያደርግልኛል» ለሚሉ፣ እቁቡን ተዉ አላልኩም። እቁብ ለዳውን ፔይመንት፣ ለሰርግ፣ ለመኪና ነው፣ የገባው ያህል ይወጣል፣ ማች የሚያደርግ ዳኛ ግን እስካሁን አላየሁም። አስቸኳይ ገንዘብ ካስፈለገ 401ኬም ፕላኑ ከፈቀደ ያበድራል፣ ቬስት ከሆነው እስከ ግማሽ፣ ቢበዛ 50,000፣ በ5 አመት ከደሞዝ እየተቆረጠ ይመለሳል፣ ወለዱም ወደራሳችሁ አካውንት ነው የሚገባው። ችግሩ ስራውን ከለቀቃችሁ ነው፣ የዚያ አመት ታክስ እስከሚገባበት ቀን ካልመለሳችሁት እንደወጣ ተቆጥሮ ታክሱና ቅጣቱ ይመጣል። ስለዚህ ለመልቀቅ እያሰባችሁ አትበደሩ።

የወራሹን ፎርም ሳልጠቅስ እንዳላልፍ። 401ኬ ላይ ያገባ ሰው ቢሞት ገንዘቡ በሕግ ለትዳር ጓደኛው ነው፣ ለሌላ ሰው ለማድረግ እሷ ወይ እሱ ፈርመው መስማማት አለባቸው። አይአርኤ ላይ ግን በአብዛኛው ፎርሙ ላይ የተጻፈው ስም ነው የሚወስደው፣ ኑዛዜ ብትጽፉም ፎርሙ ይበልጣል። ሮልኦቨር ስታደርጉ ይሄ ጥበቃ አብሮ እንደማይሄድ ብዙ ሰው አያውቅም። እኔ ሮዝ አይአርኤዬን ስከፍት ላጤ ነበርኩ፣ ወራሽ የሚለው ላይ የታላቅ ወንድሜን ስም ሞላሁ። ካገባሁ ስድስት አመቴ፣ ሁለት ልጅ አለኝ፣ ባለፈው አርብ ይሄን ለመጻፍ ብዬ ስገባ ስሙ እዛው አለ። ቀየርኩት፣ አራት ደቂቃ አልፈጀብኝም። ለሚስቴ ነግሬያታለሁ፣ ለወንድሜ ግን ገና ነው።